ገጽ ዘጠኝ

ግንቦት 4፣ ሰኞ

የላይኛው ፎቅ ተከራይ ለቀቀ። አቶ ነገ የደወለልኝ ጠዋት፣ በምሠራበት ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያው ግሎ ሸሚዝ ላይ ሳለሁ ነው። ገና ከሰላምታው ብዛት ልቤ ድንግጥ አለ። ይሄ ሰው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጉልበቴ፣ ስለ አየሩ የሚጠይቀው ወሬው ክፉ ሲሆን ነው። ተከራዩ መሥሪያ ቤቱ ወደ ሌላ ከተማ አዛውሮት ነው የሄደው። “አይዞዎት እመቤቴ፣ ሌላ ነገ እናገኛለን” አለኝ። አቶ ነገ የሚለውን ስም ያወጣለት ባሌ ነው። ቤታችን ባለበት ከተማ ቁልፍ የሚይዝልን፣ ኪራይ የሚሰበስብልን ደላላ ነው። ቤቱ ከዚህ በአውቶቡስ አንድ ቀን ተኩል ያስኬዳል። እኔ ያየሁት አንዴ ብቻ፣ የገዛነው ዕለት ነው።

ማታ የባንኩን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩት። የብድሩ ውል ነሐሴ አጋማሽ ላይ ይታደሳል። ለማደስ ሁለት ነገር ይፈልጋሉ፤ ቤቱ ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን፣ ሁለቱም ፎቅ የተከራየ መሆኑን። ካልሆነ ቀሪው ብድር በአንድ ጊዜ ይጠየቃል። በአንድ ጊዜ ማለት ቤቱ ይሸጣል ማለት ነው። ምድር ቤቱን ልብስ ሰፊው ስለያዘው አያሳስበኝም። ላይኛው ግን ይኸው ባዶውን ቀረ።

እዚያው ከተማ፣ መንገዱን ተሻግሮ ፊት ለፊት፣ የባሌ እህት የምታከራየው ቤት አለ። እኛን አይታ ነው የገዛችው፤ ደላላዋም ይኸው አቶ ነገ ነው። የእሷ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም።

ይህን ባልጽፈው ይሻል ነበር። ግን እውነት ነው።

ግንቦት 9፣ ቅዳሜ

ለኢንሹራንስ ኩባንያው ደብዳቤ ጽፌ በአደራ ፖስታ ላክሁ። የፖስታ ቤቷ ሴት ምን የሚያስቸኩል ነገር ገጥሞሽ ነው ብላ ጠየቀችኝ። ከቤቴ ግማሹ ባዶ መሆኑን ላሳውቅ ነው ስላት ቀና ብላ ፊቴን አየችና ማኅተሙን መታችው።

ውሉ አሥራ አራት ገጽ ነው። ሰው የሚያየው የፊተኛውንና የሚፈርምበትን ነው። ገጽ ዘጠኝ ላይ፣ ከታች፣ በደቃቅ ፊደል ግን እንዲህ የሚል አለ፤ ቤቱ ወይም የቤቱ ክፍል ከስልሳ ተከታታይ ቀናት በላይ ሰው ሳይኖርበት ከቆየና ባለቤቱ ይህንኑ በጽሑፍ ካላሳወቀ፣ ከዚያ በኋላ ለሚደርስ የእሳትም ሆነ የውኃ ጉዳት ካሳ አይከፈልም። ካሳወቀ ግን በየዓመቱ በሚከፍለው አረቦን ላይ ጥቂት ጨምሮ ዋስትናው ይቀጥላል። አንድ ደብዳቤ ነው የሚጠይቀው።

ፊደል የለየሁት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው። መምህሬም የተተኮሰ ልብስ የምንጠቀልልበት አሮጌ ጋዜጣ ነበር። ጋዜጣው ሁልጊዜ መሀል ላይ የተቀደደ ስለሆነ የጎደለውን ፈልጌ ካላገኘሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ሌላው ዘሎ የሚያልፈውን እኔ ቆሜ አነባለሁ። በዚህ ዓለም ላይ ከሌላ ሰው የምበልጥበት ነገር ቢኖር ይኸው አንዱ ነው።

ግንቦት 14፣ ሐሙስ

እህቱ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ነው መሳቅ የጀመረችው። ሳቋ የሱ ነው፤ ከጉሮሮ ይነሣል፣ መሀል ላይ የቆመ ይመስላል፣ ከዚያ እንደገና ይነሣል። እሱ ከሞተ አራት ዓመት ሆነው። ሳቁ በእሷ አፍ ቀረ። ለእኔ የቀረልኝ ብድሩ ነው።

በስልኳ የቤቷን ፎቶ አሳየችኝ። የውጪውን በር ሰማያዊ አስቀብታዋለች። ባንኳ ቤትሽ ዋጋው ጨምሯል ብሎ ወለዷን ቀንሶላታል። የእኔ ባንክ በስድስት ወር አንዴ የሚጽፍልኝ ለማስጠንቀቅ ነው። “ያንቺም ይጨምራል እትዬ” አለችኝ፣ ልጅ እንደሚያባብል ሰው።

ግማሽ ሰዓት ቆይታ ባሏ ሦስት ጊዜ ደወለላት። አንዴ ጨው የት ነው ያለው ብሎ ነው። ጨው! እሷም እየተነጫነጨች ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቀዩ ጣሳ ኋላ ነው አለችው። እኔን ጨው የት ነው ብሎ የሚጠይቀኝ የለም። ጨዉ የት እንዳለ የማውቀውም እኔው፣ የምፈልገውም እኔው ነኝ።

ስለ ተከራዩ ጠየቀችኝ። ለቀቀ፣ ግን ይገኛል አልኳት። የባንኩን ደብዳቤ ጠረጴዛው ላይ አይታ ሳቋን አቆመች። መቼ ነው የሚታደሰው አለችኝ። ነሐሴ አጋማሽ አልኳት። ትንሽ ቆይታ እንደገና ጠየቀችኝ። ምን አገባት? ቤቱ ሲሸጥ ቀድማ ልትገዛው እንደሆነስ? መንገዱን ወዲህና ወዲያ ይዛ ልትቀመጥ።

ግንቦት 21፣ ሐሙስ

አቶ ነገ ደወለ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ “ትናንት” የሚል ቃል ከአፉ ወጣ። ትናንት ተከራይ ገባልኝ! አዋላጅ ናት፣ ከባሏ ጋር። የስድስት ወር ቀድማ ከፈለች። አልተከራከረችም አለኝ፣ አንድ ቃል።

ከየት መጡ አልኩት።

“ከቅርብ ነው እመቤቴ፣ ከቅርብ” አለና ኔትወርክ የለም ብሎ ዘጋው።

ዛሬ አሥራ ሁለት ሸሚዝ በአንድ ትንፋሽ ተኮስኩ። የልብስ ቤቱ ባለቤት ምን በልተሽ ነው አለኝ።

ግንቦት 24፣ እሑድ

እህቱ ዛሬም መጣች፣ የኢንሹራንስ ውሏን ይዛ። የምታድስበት ጊዜ ደርሷል። ኩባንያው የእኔው ነው፣ ውሉም ያው አሥራ አራት ገጽ።

ከሁሉ አስቀድማ የነገረችኝ ተከራዮቿ መልቀቃቸውን ነው። ግንቦት ሃያ ወጡ። “ላስወጣቸውም ነበር እኮ፣ ጣሪያውን ላስጠግን ነው” አለች። ፊቴን ወደ ምድጃው አዞርኩ፣ እንዳታየኝ። ደስ አለኝ። ይህን ደብተር ሌላ ሰው ስለማያነበው ልጻፈው፤ ከሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር እጁን አጨበጨበ። የእኔ ቤት ሞላ፣ የእሷ ባዶ ሆነ። በአንድ ሳምንት። በአንድ ቀን እንኳ ማለት ይቻላል።

ከዚያ ወረቀቱን ገፋ አድርጋ እንደ ሁልጊዜው አንብቢልኝ አለችኝ። እዚህ ቤተሰብ ውስጥ እኔ አንብቤ “ደህና ነው” ሳልል ማንም ወረቀት ላይ አይፈርምም። እሱ በሕይወት ሳለ ወረቀት በመጣ ቁጥር “ማኅተማችን የት ሄደች?” እያለ ነበር የሚጠራኝ። እህቱ የራሷን የጋብቻ ወረቀት እንኳ አስነብባኛለች።

አነበብኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ገጽ ዘጠኝ ደረስኩ። ልክ ያኔ ስልኳ ጮኸ። ተነሥታ ወደ መስኮቱ ሄደች፤ “ኧረ የኔ ጌታ፣ መጣሁ፣ እትዬ ጋ ነኝ” እያለች በዚያ ሳቅ ሳቀች። ጀርባዋን አየሁት። አዲስ ሹራብ ለብሳለች። በደቃቁ ፊደል ላይ ጣቴን አድርጌ ጨርሳ እስክትመጣ ጠበቅኳት።

ስትመለስ ገጽ አሥር ላይ ነበርኩ።

“እህሳ?” አለችኝ።

“ደህና ነው” አልኳት።

ፈረመች።

ግንቦት 25፣ ሰኞ

አልዋሸሁም። ውሉ ደህና ነው። እኔም የፈረምኩት ያንኑ ውል ነው። ስልሳ ቀን ረጅም ነው፤ እስከዚያ ጣሪያዋ ያልቃል፣ ሰው ይገባል። ለማንም ሳይነገር ያልፋል።

ቸኩያለሁ። የሆቴሉ አንሶላ መጥቷል።

ሰኔ 10፣ ማክሰኞ

ሃያ ቀን ሆነው። ለምን እንደምቆጥር አላውቅም።

እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ልጻፍ። ብድሩን የወሰድን ጊዜ ባንኩ አንድ ቅጽ ሰጥቶን ነበር፤ ተበዳሪው ቢሞት ዕዳውን ሌላ የኢንሹራንስ ኩባንያ የሚከፍልበት። ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ እጄ። ሰባተኛው ጥያቄ ባለፉት አምስት ዓመታት የልብ ሕመም ነበረብዎ ወይ ይላል። ሐኪሙ መድኃኒት ካዘዘለት ገና ዓመት አልሞላውም ነበር። “የለም” ብዬ ጻፍኩ። ሲሞት ኩባንያው የሐኪም ቤቱን ካርድ አስወጥቶ አየና አልከፍልም አለ።

ለጎረቤቱም፣ ለእህቱም፣ ለልብስ ቤቱ ባለቤትም፣ ኩባንያው ካደን ነው የምለው። አራት ዓመት እንዲሁ ስል አንዳንዴ ራሴም አምነዋለሁ። እህቱማ በዚያ ኩባንያ በር ስታልፍ እስከዛሬ ትራገማለች።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ከመሞቱ በፊት በነበረው ሐሙስ ሐኪም ቤት ተኝቶ ስልክ አምጪልኝ አለኝ። ሰጥቼው ውጪ እንድጠብቀው ነገረኝ። የደወለው ለእሷ ነው። አርባ ደቂቃ አወሩ። ኮሪደሩ ላይ ያለው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበር ደቂቃዋን አውቃታለሁ። ከእኔ ጋር በዚያ ሳምንት አርባ ደቂቃ አላወራም፤ ደከመኝ ነበር የሚለኝ። ምን እንዳላት ጠይቄያት አላውቅም። እሷም ነግራኝ አታውቅም። ለቅሶው ላይ ድምፅዋ ከሁሉ በላይ ነበር፤ ሰው ሁሉ ከቦ የሚያጽናናው እሷን ነበር። እኔ ዝም ስላልኩ ጠንካራ ናት ተባልኩ።

ጠንካራ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

የጣሪያዋ ሥራ አልተጀመረም። ቆርቆሮው ዘገየ፣ ከዚያ አናጢው ሌላ ሥራ ያዘ፣ አሁን ደግሞ ዝናቡ ገባ። ከክረምት በኋላ ይሠራል ትላለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። ኪራይ ሳይገባላት ወለድ እየከፈለች እንዴት እንዲህ ትስቃለች? ገንዘብ አላት ማለት ነው። ያላት ሰው ይስቃል።

ትናንት ተከራዬ አዋላጇ ደወለችልኝ፣ የኩሽናው ቧንቧ ያንጠባጥባል ብላ። ረጋ ያለች ሴት ናት። ከላይ መስኮት መንገዱ ሁሉ ይታያል፣ ማዶ ያለው ሰማያዊ በርም ደስ ይላል አለችኝ። ቀጥላም “የሴትየዋ ጣሪያ መቼ ነው የሚጀመረው?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔ አላውቅም አልኳት፣ ቆረጥ አድርጌ። የኔን መስኮት ተከራይታ የምታየው የእሷን ቤት፣ የምትጠይቀኝ ስለ እሷ ጣሪያ። የትም ብትሄድ ሰው ስለዚያች ልጅ ነው የሚያወራው።

ማታ ግን ደብዳቤውን ጻፍኩት። በእህቱ ስም፣ ለኢንሹራንስ ኩባንያው፦ ቤቴ ከግንቦት 20 ጀምሮ ለጥገና ባዶ መሆኑን አሳውቃለሁ። የእሷ ፊርማ ብቻ ነው የጎደለው። በፖስታ አድርጌ ከትልቁ መዝገበ ቃላት ውስጥ ሸጎጥኩት። ይኸው፣ ክፉ ሰው አይደለሁም።

ሐምሌ 11፣ ዓርብ

ሃምሳ አንድ።

የእህቱን የውበት ሳሎን ፎጣዎች የምናጥበው እኛ ነን። ዛሬ ራሴ ላድርስ ብዬ ባለቤቱን አስፈቀድኩ። ሃያ አራት ፎጣ፣ ከሥሩ ደብዳቤው። እዚያው አስፈርሜያት በመመለሻዬ ፖስታ ቤት ልገባ ነበር። መንገዱን ሁሉ የምለውን ሳዘጋጅ ነው የሄድኩት፤ እንዲህ እላታለሁ፦ ያን ቀን አንድ ነገር አምልጦኝ ነበር። አምልጦኝ ነበር፤ ይኸው ነው የምላት።

በጓዳው በር ገባሁ። መጋረጃው ወርዷል። ከወዲያ የጸጉር ማድረቂያው ጠፍቶ ወሬ ይሰማል። አንዲት ደንበኛ ውል ያለ ጠበቃ ትፈርሚያለሽ ወይ ትላታለች። እህቱም፣

“ጠበቃ ምን ያደርግልኛል? የወንድሜ ሚስት ካነበበችው አለቀ፣ እኔ ገልጬም አላየው” አለች። “እሷ እኮ አሁን መጽሐፍ ነው ያገባችው። ራት አቅርባለት ነው የምትተኛ።”

ሳቁ ጓዳ ድረስ መጣ። የሱ ሳቅ። አራት አምስት ሴት ሆነው ሳቁብኝ። አንዷ ከንፈሯን መጠጠች፣ “ምስኪን” አለች።

ፎጣዎቹን ወንበር ላይ ቆልዬ፣ ደብዳቤውን ከሥር መዝዤ ወጣሁ። ያየኝ የለም።

ምስኪን ያለቻት ደንበኛዋ ናት፣ እህቱ አይደለችም። ደግሞም መጽሐፍ ላይ ማንቀላፋቴ ውሸት አይደለም። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ግን እግሬ አልተመለሰም። ደብዳቤውም ወደ መዝገበ ቃላቱ ተመለሰ።

ሐምሌ 20፣ እሑድ

ስልሳ። ፖስታ ቤት ዝግ ነው። እሑድ መሆኑን ሳላውቅ ቀርቼ ነው?

ሐምሌ 21፣ ሰኞ

ቀኑን ሙሉ ስተኩስ ዋልኩ። አንድ ነጭ ቀሚስ አቃጠልኩ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ባለቤቱ ተቆጥቶ ሲያበቃ አሞሽ ነው ወይ አለኝ። እንቅልፍ ነው አልኩት።

ዘግይቶ የደረሰ ደብዳቤም ከምንም ይሻላል። ነገ እሄዳለሁ።

“ነገ” እያልኩ አቶ ነገ ሆንኩ።

ሐምሌ 27፣ እሑድ

የአቶ ነገ ሰላምታ ዛሬ ማብቂያ አልነበረውም። ስለ ጉልበቴ ሁለቴ ጠየቀኝ።

በእህቱ ቤት ጣሪያ ሥር ያለው የውኃ ቧንቧ ፈንድቷል። መቼ እንደፈነዳ የሚያውቅ የለም፤ ምናልባት ሦስት ቀን፣ ምናልባት አራት። የሳሎኑና የመኝታ ቤቱ ኮርኒስ ወርዷል፣ ወለሉ አብጦ ተነሥቷል፣ ውኃው ግድግዳው ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪኩን አበላሽቶታል። “የርስዎ አዋላጅ ናት ያየችው እመቤቴ፣ ትናንት ማለዳ፣ በመስኮት። ውኃው በሰማያዊው በር ሥር መንገድ ላይ ሲፈስ። ሮጣ ከፍታ ቆጣሪውን ዘጋችው። እሷ ባትኖር ቤቱም አይኖር።”

ቁልፍ ነበራት። የእህቱ ቤት ቁልፍ። ለምን እንደኖራት አልጠየቅኩትም።

ስልሳ ስድስት ቀን። በስድስት ቀን። ወንበሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

እህቱ ማታ ደወለች። አታለቅስም። “ደግነቱ ኢንሹራንሱን በጊዜ አድሰነዋል” አለችኝ። አድሰነዋል አለች፣ እኔንም ጨምራ።

ነሐሴ 1፣ ሐሙስ

የዛሬውን እንዳልረሳው አንድ በአንድ ልጻፈው።

ስትመጣ ዝናብ እያካፋ ነበር። ዣንጥላዋን በሩ ጀርባ አቆመችው። የካሳ መጠየቂያ ቅጹን፣ ውሉን፣ የተበላሸውን ቤት ፎቶዎች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈች። “ጽሑፍሽ ያምራል፣ አንቺው ሙይልኝ” አለችኝ። ብዕሩንም ራሷ ከፍታ ሰጠችኝ።

ስሟን ጻፍኩ፣ የውሉን ቁጥር ጻፍኩ፣ የደረሰውን ጉዳት ጻፍኩ። አሥራ አንደኛው ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ በቤቱ ማን ይኖር ነበር? ማንም ካልነበረ ከመቼ ጀምሮ?

“ደላላው ሐምሌ አንድ ወጡ በይ ብሎኛል” አለች። “ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ የቀኑ ብዛት ጥሩ አይደለም አለኝ፣ ማንም መጥቶ አያይም አለኝ። አንቺ ምን ትያለሽ እትዬ?”

ከአምስት ዓመት በፊትም አንድ ሰው እዚሁ ጠረጴዛ ማዶ ተቀምጦ ብዕሬን ሲጠብቅ ነበር። ሐምሌ አንድ ብጽፍ ካሳው ይከፈላል። እኔም ያን ቀን ገጽ ዘጠኝ ላይ ጣቴን እንዳስቀመጥኩ ማንም ሳያውቅ ይቀራል። ቦታውን ክፍት ትቼ ወደ አሥራ ሁለተኛው አለፍኩ። የመጨረሻው ተከራይ ሙሉ ስምና አሁን የሚገኝበት አድራሻ።

እህቱ ቀለበቷን ታዞር ጀመር።

“እሱን እለፊው” አለች።

አይታለፍም፣ የግድ ነው የሚል ምልክት አለበት አልኳት።

“ዝለይው ስልሽ እትዬ።”

እምቢ ስላት ስሙን ነገረችኝ። ሥራ፦ አዋላጅ። መንገዱ ያው የእኛው መንገድ ነው። ቤት ቁጥር? ዐይኗን ሳታነሣ ቁጥሩን ተናገረች። ሁለቱን አኃዝ ጽፌ ሦስተኛው ላይ እጄ ቆመ። የኔ ቤት ቁጥር ነው።

ከቅርብ ነው እመቤቴ፣ ከቅርብ።

ለምን አልኳት። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

“ባንክሽ ነሐሴ ነው አልሽኝ” አለች። “ገንዘብ ብሰጥሽ አትቀበይኝም። ተከራይ ግን ትቀበያለሽ አልኩ። ኪራዩን ትንሽ እየደጎምኩ እዚያ ግቡልኝ አልኳቸው። እነሱም ደግ ናቸው፣ እሺ አሉ። ጣሪያው ሰበብ ነው፤ ቢሠራም ባይሠራም ግድ አልነበረኝም፣ ነሐሴ እስኪያልፍ።”

ከዚያ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ ስለ አርባው ደቂቃ ነገረችኝ። ግማሹን ዝም ብሎ ነበር አለች፤ ትንፋሹን ብቻ ነበር የምትሰማው። ግማሹን ደግሞ የነገራት ይህን ነው፦ “ቅጹ ላይ በሽታ የለም በይ ብዬ ያስጻፍኳት እኔ ነኝ። እሷ እምቢ ብላኝ ነበር። ካልከፈሉ ራሷን ትበላለች። ብድሩን ብቻዋን እንዳታሸክሚያት።” ምላ ቃል ገብታለታለች። አራት ዓመት ሙሉ ያን ኩባንያ እኔ ፊት ስትራገም የነበረው እኔን ለማስደሰት ነው። እውነቱን ታውቅ ነበር።

እውነቱን ግን አታውቅም።

ባሌ በሕይወቱ መጨረሻ ስለ እኔ የዋሸው ውሸት ጠረጴዛው ላይ እንደ ስጦታ ተቀምጧል። ባነሣው የኔ ነው። ዝም ብል ይበቃ ነበር፤ ዝምታ ደግሞ አያቅተኝም።

“እሱ አይደለም” አልኳት። “የለም እንበል፣ አለዚያ አረቦኑን ይጨምሩብናል ያልኩት እኔ ነኝ። እሱ እውነቱን ጻፊ ነበር ያለኝ።”

ትከሻዋን ነቀነቀች። ያለፈ ነገር ነው እትዬ፣ እሱም ይቅር ብሎ ነው የሄደው አለችኝ። እጇን እጄ ላይ ልታደርግ ዘረጋች።

“ያላለፈም አለ” አልኩና እጄን ሳብኩ። ውሉን ከፍቼ ገጽ ዘጠኝን ወደ እሷ አዞርኩት፤ ጣቴን አሳየኋት። እህቱ ስታነብ ዝግ ትላለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ስልሳ የሚለው ላይ ስትደርስ ከንፈሯ ቆመ።

“ይሄን ያን ቀን አላየሽውም ነበር?”

“አይቼዋለሁ።”

“ደህና ነው አልሽኝ።”

“አልኩሽ።”

ለምን አላለችኝም። ብትለኝ ምን እመልስላት ነበር? ባልሽ ጨው የት ነው ብሎ ስለሚጠይቅሽ? መዝገበ ቃላቱን አውርጄ ያልተፈረመውን ደብዳቤ አጠገቡ አስቀመጥኩላት። የተጻፈበትን ቀን አየች። ሰኔ 22። ያ ከዝምታዬ የባሰ አደረገው መሰለኝ።

አልጮኸችም። እኔም ብዕሩን አንሥቼ በአሥራ አንደኛው ጥያቄ ላይ ግንቦት 20 ብዬ ጻፍኩ። ቅጹን ወስዳ፣ አጥፋ፣ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወጣች። በዝናብ ሄደች። ዣንጥላዋ በሩ ጀርባ ቀረ።

ነሐሴ 6፣ ማክሰኞ

የሳሎኑ ፎጣዎች አልመጡም። ባለቤቱ ደውሎ ሲጠይቅ ሌላ ልብስ ቤት ሰጥተናል አሉት። ምን አድርገሻቸው ነው አለኝ። ደንበኛ አሳጣሁህ፣ ከደመወዜ ቁረጠው አልኩት። አልቆረጠውም። ቢቆርጠው ደስ ይለኝ ነበር።

ነሐሴ 14፣ ረቡዕ

ባንኩ ብድሩን አደሰው። ሁለቱም ፎቅ ተከራይቷል፣ ኢንሹራንሱም አለ። የብድር ሠራተኛው ፋይሌን አገላብጦ፣ ከዚህ ሁሉ ርቀት ቤት እንዲህ መያዝ ብርታት ነው፣ ተከራዮችሽም ጥሩ ናቸው አለኝ። ጠንካራ ልባል ነው እንደገና። ለጥገና የሚሆን ተጨማሪ ብድር አገኝ እንደሆነ ጠየቅኩት። ለየትኛው ቤት አለኝ። ለማዶው አልኩት። የሌላ ሰው ቤት ከሆነ አይሆንም አለ። ውሸት መጻፍ ይቻል ነበር፤ መንገዱ አንድ ነው። አልጻፍኩም።

የኢንሹራንስ ኩባንያው ለእህቱ አልከፍልም ብሏል። የነገረኝ አቶ ነገ ነው፤ ሰላምታውን ዘልሎ። እኔም ሰላምታ ሳላበዛ የምለውን አልኩት። አዋላጇን አነጋግሬያታለሁ፤ ስድስት ወሯ ሲያልቅም ከኔ ቤት አልወጣም ብላለች። ከዚያ ወር ጀምሮ ኪራይዋን ለእኔ አይላክ፤ መንገዱን ይሻገር፣ የማዶው ኮርኒስና ወለል እስኪያልቅ ድረስ። የባንኬን ከካውያው እከፍላለሁ፤ የሆቴሉን የማታ ሥራም ይዣለሁ። እስከዚያ ያጠራቀምኳትን ትንሽ ነገር ዛሬውኑ ለአናጢው ልኬያለሁ።

“በጽሑፍ ይላኩልኝ እመቤቴ” አለ። ሰውየው ውል መውደድ የጀመረው ዛሬ ነው። ጻፍኩለት።

ለእህቱ አልደወልኩም። ምን ብዬ? ዛሬም ግን፣ ልጻፈው፣ የቆጨኝ አንድ ነገር ካሳው አይደለም። እሱ ያን አርባ ደቂቃ እኔን ከእኔው ሊያድን ሲደክም፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ በሰዓት እቀናበት ነበር።

ነሐሴ 24፣ ቅዳሜ

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ድሮ አታንኳኳም ነበር።

“ዣንጥላዬን ልወስድ ነው” አለች። እጇ ላይ ግን አንድ ትልቅ ፖስታ ይዛለች። አልሳቀችም። ተቀመጪ ስላት ሹራቧን ሳታወልቅ ከወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አናጢው ወለሉን እንደጀመረ፣ ከእኔ የተላከውንም እንደደረሰው ነገረችኝ፤ አመሰግናለሁ አላለችም፣ እኔም አልጠበቅኩም።

ፖስታውን ከፈተችው። ኢንሹራንስ ነው፣ የሌላ ኩባንያ። ደንበኛዋ ጠበቃ ልታገናኛት እንደነበር ነገረችኝ። ለምን እንዳልሄደች ግን አልነገረችኝም።

“አንብቢው” አለች። “ግን ደህና ነው እንዳትይኝ። እኔ ነኝ የምለው። ጮክ ብለሽ አንብቢ።”

ጮክ ብዬ አነበብኩ። እኔ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፤ ሁልጊዜ በልቤ ነው። ድምፄ መጀመሪያ ላይ እንደ ተማሪ ተንቀጠቀጠ። እሷ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እያስኬደች ተከተለችኝ። ስልኳ ጮኸ፤ አየችውና ገልብጣ አስቀመጠችው። የዚህኛው ውል ገጽ አሥራ አንድ ላይ ነው። ሠላሳ ቀን ነው የሚለው።

“ድገሚው” አለችኝ።

ደገምኩት።

“እንደገና።”

ለሦስተኛ ጊዜ ሳነበው እሷም አብራኝ አነበበችው፣ ዝግ ብላ፣ ቃል በቃል። ቀና አላለችም። ብዕሩን አቀበለችኝና ከሥሩ አስምሪበት አለች። አሰመርኩበት፤ መስመሩ ተንጋደደ።

እስከ መጨረሻው አነበብን። ደህና ነው አለች፣ ለራሷ፤ ፈረመች፣ ወረቀቱን አጠፈች፣ ተነሣች። ውጪ ዝናቡ ይወርዳል። በሩ ጋ ደርሳ ወደ ዣንጥላው አየች፣ ወደ እኔም አየች።

እዚያው ትታው ሄደች።